ሰባት ቤት

ከደሴ ገበያ የገዛሁት ፓኬት፣
አምና ቦርከና ዳር አፈራ በልኬት፤
ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ቀይ፣ መንታ ይመስል ነበር፤
ዘሩን ጋዜጣ ላይ አሰጣሁ ከአልጋ ሥር።

ዘንድሮ አንዱ ሾለ፣ አንዱ ኮሰመነ፣
አንዷ ቢጫ ሆና ቀልቤ እሷ ጋ ሆነ።

አንሻ ይመር ሳቀች ካጥሯ ወዲያ ማዶ፣
ስትዳር በሻሽ ዘር ቋጥራ የመጣች ከገራዶ፦
«የፓኬት ልጅ ሁሉ አባቱን አይመስል፤
የኔ በርበሬማ ያው ነው፣ ጥሬም ብስል።»

እኔስ ድቅል አይደለሁ?
አባቴ የሼህ ልጅ፣ እናቴ የቄስ ልጅ፤
ቢጫዋን ታቅፌ ቆምሁ ከአንሻ ደጅ።
በጥፍሯ ከፈለቻት፦

«እየመረጥሽ ዝሪ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪ፤
ሰባት ቤት ሲሞላ ሰው ይሆናል ባዳ፣
እሷ ግን ያን ጊዜ ትገባለች ጓዳ።»

ባዶው ፓኬት ላይ
«አንድ» ብዬ ጻፍሁ።