ሦስት ዓመት አስቀምጪው

በዱሉዝ ከተማ፣ በሐይቁ ዳርቻ፣
በረዶው አይለቅም መጋቢት ስላሉት ብቻ።
በቤተ መጻሕፍት፣ ከምድር ቤቱ ጓዳ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የሰው ግብር ዕዳ
በነጻ አሰላለሁ። ጡረታ ሳልወጣ
ማዕድን ነበር የምጭን፣ መርከብ ሲመጣ፤
ዛሬ የምጭነው ቁጥር ነው፣ ክብደት የለው፣ በራሪ፣
ወዲያ ማዶ ይረከባል ያላየሁት ቆጣሪ።

ማርሊስ ሄግስታድ መጣች፣ የጫማ ካርቶን ታቅፋ፤
የጡረታውን ማስረጃ፣ የባንኩን ወለድ አጣጥፋ፣
የመድኃኒቱን ደረሰኝ በጎማ ላስቲክ ጠፍራ።
"የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለች፣ የሚያፈስ እስክሪብቶ መዛ፣ ሳትፈራ፤
ካፖርቷን እንኳ አላወለቀች።

"ፊርማ አያሻም" አልኋት። "ይኸ ማሽን ቀለም አያይም።
አምስት አኃዝ ምረጪ፤ ከፊርማ እኩል ነው፣ አያንስም።
ደስ ያለሽን ቁጥር በዪ፣ ብቻ ሁሉም ዜሮ አይሁን።"
አየችኝ፣ ቁጥር ሰጥቼ እንደ ቀማኋት ስሟን።

"የኦርቫልስ?" አለች ቆይታ። "በኅዳር እኮ ነው የሞተው።"
"ሕጉ ገና አልለያችሁም፤ ለዚያ ዓመት ባልሽ እሱ ነው።
የእሱ ቦታ ባዶ ይሁን፤ እዚያ የሚገባ ስም የለም፣
'በሕይወት ያለችው ሚስት' እንላለን፤ ሌላ አይጨመርም።"
ቃሉን ደግማ አለችው፣ በቀስታ፦ "በሕይወት ያለችው"፣
እንደ አዲስ ጫማ፣ ተራምዳ እንደምትለካው።

ቀጥሎ ማሽኑ ጠየቀ፦ አንቺ ለመሆንሽ ምን ምስክር?
የአምናውን ገቢሽን ንገሪን፣ ከአሥራ አንደኛው መስመር።
የእናቷን ስም ታውቃለች፣ የሠርጓን ቀን፣ የዘነበውን፤
በዚህ በኩል ራሷን አታውቅም፤ ማን ያውቃል መስመር ቁጥሩን?
በአውቶቡስ ሄደች፣ በአውቶቡስ መጣች፣ የአምናውን ቅጂ ይዛ፤
ጠርዙ ላይ የእርሳስ ድምር፣ ኦርቫል ሁለቴ የሳተው፣ ከወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ።
ግርጌው ላይ ሁለት ፊርማ፤ የእሷ ክብ ክብ፣ እንደ ዶቃ፣
የእሱ እንደ ዓሣ መንጠቆ፣ ተቆልምማ ከመስመሩ ታች ዘልቃ።

"የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል" አልሁ።
ዝም አለች።
ከዚያ፦ "የእኔ ነው" አለች።
"እጁ ከተንቀጠቀጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ማንኪያ አይዝለትም።
ዘጠኝ ሚያዝያ ሙሉ ይህቺን መንጠቆ ስስል የኖርሁ እኔ ነኝ፤
እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ 'ጅራቷን ሳቢያት፣ አሳጠርሽብኝ' ይለኛል።
ያሳስራል፣ ሚስተር ኮቫላ?"

ከፊርማው በላይ የሰፈረው፣ ሁላችን ሳናነብ የምናልፈው፣
በሐሰት ለማለ ቅጣት እንዳለው ይናገራል፤ በቃሌ ነው የማውቀው።
ጆሮ ዳባ ልበስ አልሁ።
"ማሞቂያው ይጮኻል" አልኋት፣ "ምን ነበር ያልሽኝ?"
"ኧረ ምንም" አለች፤ ካፖርቷንም አወለቀች።

አምስቱን አኃዝ ነገረችኝ፦ ሦስት፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሁለት፣ ስድስት።
የጀልባ ቁጥር ይሁን፣ የመቃብር ተራ፣ አልጠየቅሁም።
በመጨረሻ ግን አንድ ወረቀት ተፋ ማተሚያው፣
ልላክልሽ ወይ ስላት እሺ ማለቷን የሚያጸናው።

"በይ አሁን ፈርሚ።"
"ፊርማ አያሻም አላልህም?"
"ይህ አይላክም። ፈርመሽ ቤትሽ ትወስጂዋለሽ።"
"ታዲያ ለማን ነው?"
"ለማንም። ሦስት ዓመት አስቀምጪው፣ ከነካርቶኑ፤
ድንገት የጠየቀሽ እንደሆነ..."

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤
የተፈረመው ግን፣ እንደማየው፣ አልጋ ሥር ይቀመጣል።

ፈረመች፤ ክብ ክቡን፣ ዶቃ ዶቃውን፣ ሳትቸኩል።
ከዚያ እጇ፣ የዘጠኝ ዓመት ልማድ ይዞት፣ ወረደ በሁለተኛው በኩል፤
ባዶው መስመር ላይ ቆመ።
አንዲት ጠብታ ቀለም ጣለ።
"ሌላ ላትምልሽ?" አልኋት።
"ተወው" አለች። "እስክሪብቶው የእሱ ነው፤ ሁልጊዜም ያፈስ ነበር።"

በማግስቱ "ተቀብለናል" የሚል መልስ መጣ፤
የፈረመበት የለም።
አትሜ አስቀመጥሁላት፣ ምናልባት ማክሰኞ ብትመጣ።