የፈሰሰ ውሃ

ገንደ ቆሬ ውሃ የሚመጣው ማታ፣
ሰፈሩ ሲተኛ፣ ሙቀቱ ሲረታ፤
መጀመሪያ ሳሉ ከቧንቧው ጉሮሮ፣
ከዚያ ቀይ ዝገቱ፣ ሳምንት ተቋጥሮ፣
ከዚያ በኋላ ነው ጠርቶ የሚወርደው፣
ማንቆርቆሪያ ሁሉ ኖራ የሚያለብሰው።

እኔ ጅንስ ነካሪ፤ ጉልበቱ የነጣ፣
ዳሩ የተበላ፣ ቀለሙ የገረጣ፣
ከበርሜል አውጥቼ፣ በገመድ አስጥቼ፣
«አዲስ ነው፣ አቦ!» ስል ታይዋን ዘርግቼ።
ጥፍሬ ሰማያዊ ነው፤ ታጥቦም አይለቅም፤
ሰርግ፣ ለቅሶ ስሄድ እጄን አልደብቅም።

ያን ሌሊት ጎማውን፣ እስኪሞላ ብዬ፣
ከቀለሙ በርሜል እታች ድረስ ጥዬ፣
ደጅ ጋደም አልኩኝ በሽቦ አልጋዬ።

የት እንደሆን እንጃ፣ ከላይ ዋናው መስመር
ፈንድቶ ይሆናል፣ ወይ ፓምፑ ሲቸገር፣
ግፊቱ ወደቀ።
ቧንቧ ባዶ ሲሆን እንደ ተጠማ ሰው
አፉ የነካውን ሳይመርጥ የሚምገው፤
የሰጠኝን ውሃ መልሶ ጠጣብኝ፣
ከነቀለም ጨዉ፣ እንቅልፍ እንደወሰደኝ።

ጎህ ሲቀድ ራውዳ፣
ከእኔ ጋር ግድግዳም ቆጣሪም የምትጋራው፣
የልጇን ጡጦ ልታጥብ ቧንቧውን ከፈተች፤
ሰማይ ወረደላት።
ሰማያዊ፣ ጥልቅ፣
በጡጦው አንገት ገብቶ እስከ ሆዱ የሞላ።
ልጁ ሳቀ።
እሷ ጮኸች።

ሸምሰዲን ቧንቧ ሠሪው መጣ፣ መፍቻው ትከሻው ላይ፤
ስድስቱንም በር አንኳኳ፣
ስድስቱንም ቧንቧ ከፍቶ ዘጋ፣
ጆሮውን ቆጣሪው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ።
ከዚያ ቀና ብሎ፦

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል፤
ተረቱን ያወጣው ቧንቧ መች አይቷል?
ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲጎድል ይመለሳል፣
ከፍየል ገንዳ፣ ከልብስ እጣቢ፣ ከሽንት ቤት ጎማ
ያገኘውን ይዞ ጉሮሮ ይደርሳል።
ማነው ማታ ጎማ የከተተ?»

ግቢው ዝም አለ።
እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤
ሰርግ ላይ ያልደበቅሁትን፣
ለቅሶ ላይ ያልደበቅሁትን።

«ዛሬ ቀለም ነው» አለ ሸምሰዲን፤
«የትኋን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ…»
አልጨረሰውም።
ሰው ሁሉ ጡጦውን አየ።
ራውዳ ግን ኪሴን።

አወጣሁት።

በሦስት ሱሪ ዋጋ የነሐስ ቫልቭ ገዛሁ።
ውስጡ አንዲት ምላስ አለች፣ ጀርባዋን ሞላ የሚገፋት፤
ላዩ ላይ ቀስት ተቀርጿል፣
ጫፉ ወደ ቤት ብቻ።
«ይህቺ» አለኝ ሸምሰዲን፣ ክር እየጠመጠመ፣
«ግባ እንጂ ውጣ የማትል ምላስ ናት።
ግን በእሷም አትመካ፤
የድሬ ኖራ ይይዛታል፣ አፏን ከፍታ ትቀራለች።
ጎማህን ስቀለው።
ከበርሜሉ አፍ በላይ አንድ ስንዝር አየር ተው፤
አየር አይዝግም፣ አየር አይሰበር፣
በአየር ተሻግሮ ቀለም አይወጣም።»

ሁለት ቀን ቧንቧው ክፍት ሆኖ ታጠበ፤
ሁለት ቀን የራውዳን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ፣
እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣
ደቻቱን ስንሻገር አሸዋው ጫማችን ውስጥ እየገባ፣
አንድ ቃል ሳንነጋገር።

አሁን ማክሰኞ ማታ፣ ቧንቧው ማሳል ሲጀምር፣
ጎማው ሚስማር ላይ ነው፤
ስንዝሩን በሰማያዊ ጣቶቼ እለካለሁ፣
አውራ ጣቴ ከበርሜሉ ከንፈር፣ ትንሿ ከጎማው ጫፍ፣
ደግሜም እለካለሁ።
ከግድግዳው ማዶ ብርጭቆ ሲሞላ ይሰማኛል።
ከዚያ ዝምታ።
አውቀዋለሁ፦
ብርጭቆውን አምፖሉ ሥር ከፍ አድርጋ
ታየዋለች፣
ልጁ እየለመናት፣
እስካሁን።