አራሚ

ሪጋ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ ከሌሊቱ ስምንት።
ከመስኮቴ በታች ዳውጋቫ ተኝቷል፣ ብርድ ያሰረው ፍጥረት፤
አንድ ሽማግሌ በረዶውን በስቶ፣
በርጩማ ላይ ሆኖ፣ ፋኖሱን አብርቶ፣
ዓሣ ይጠብቃል።
እኔም ቀዳዳ አለኝ፤ ከፊቴ ያበራል፤
ከሥሩ ያገሬ አፍ ይርመሰመሳል።

የሥራዬ መጠሪያ «አራሚ» ይባላል።
ለያንዳንዱ ጽሑፍ ዘጠኝ ሰከንድ፤
ሁለት ቁልፍ፦ «ይቆይ» ወይ «ይወገድ»።
ማሽኑ ቀድሞኝ ያነባል፤ ፈጣን ነው፣ ደግሞም የዋህ፦
«አንጀቴን በላኸው» ብትል አንዲት እናት
«ሰው በላ» ብሎ ቀይ ለጠፈባት፤
«እኔ ልሙትልህ» ላለች እህት
ራሱን ሊያጠፋ ላሰበ የሚላክ ስልክ ቁጥር ላከላት።
ብቻዬን ሳቅሁ። «ገደልከኝ» አልኩት፤
ደግነቱ፣ ጆሮ ገና አልሰጡት።

በየካቲት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ መስመር መጣ፤
የስንዴ ሥዕል ከላዩ፣ ፀሐይ ስትወጣ፦
«በልጉ ሳይጥል ማሳችሁን አርሙ። ሥሩን አትተዉ።»
ማሽኑ፦ ግብርና፤ ዘጠና ስምንት ከመቶ ንጹሕ ነው።
የገበሬ ልጅ ነኝ።
ማን ያርማል በደረቅ መሬት?
ያልበቀለ ይነቀላል?
ይህን የሚጠይቅ ሰው በውስጤ ነበረ፤
ያን ንጋት ግን እሱ ተኝቷል፣
ጣቴ ብቻ ነቅታለች።
ይቆይ።

ቆየ። ሺህ ሰው፣ አሥር ሺህ ሰው ተቀባበለው፤
ሰሙን ለእኛ ትቶ ወርቁን ተካፈለው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ያው ወንበር፣ ያው መስኮት፤
ፎቶዎች መጡ ተሰልፈው፣ ከአንዲት የገበያ መንደር፦
የተቀደደ የጨው ከረጢት፣
ያንድ እግር ጫማ፣
ሰማያዊ ጃንጥላ፣ ያልተዘረጋ፤
በልጉ ገና አልጣለም ነበርና።
ከጃንጥላው ወዲያ ያለውን አልናገርም።
«ይወገድ» አልኩ። «ይወገድ»። «ይወገድ»።
የተወገደው ፎቶው ነው።

አለቃዬ አይቫርስ በጎ ሰው ነው፤ አርብ አርብ ቸኮሌት ያድላል።
ቋንቋዬ ሁለት ወለል አለው፣ አልኩት፤
እናንተ የሠራችሁት መሰላል ላይኛው ላይ ይቆማል።
ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ሰከንድ ልጨምርልህ?» አለኝ፣ ከልቡ።
መልስ ሲያጣብኝም ትከሻዬን ነካ፦
«አትዘን፤ ማሽኑ ካንተ ይማራል።»

ተምሯል።
«አርሙ» የሚል ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣
እኔን ሳይጠይቅ ያልፋል አሁን።
በዕድሜዬ አንድ ደቀ መዝሙር ቢወጣልኝ
በቃሉ የያዘው ስህተቴን።

እናቴ ደወለች። «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው እዚያ?»
«አራሚ ነኝ» አልኳት።
«በዚያ ብርድ? ምን ይዘራሉ?» ብላ ሳቀች፤
ቆይታም፦ «ብቻ ቀስ በል፤ ስንዴውን አብረህ እንዳትነቅል።»
ዝም አልኩ።

ከታች ሽማግሌው ገመዱን ስቦ
አንዲት ትንሽ ዓሣ አወጣ።
ፋኖሱ አጠገብ ይዞ አገላብጦ ያያታል፦
ትቅር? ትመለስ?
ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።
ዘጠኝ አለፈ።
ገና እያያት ነበር።