አራት መቶ ሰባት

ከሊማ እምብርት ላይ፣ ከጩኸቱ መሀል፣
ባለ ሦስት ኮከብ አንድ ሆቴል ይገኛል።
ሁለቱ ይበራሉ፣ ሦስተኛው ጠፍቷል፤
ባለቤቱ ግን ለሦስቱም ያስከፍላል።
ሳሙናው የሚያህል የአውራ ጣት ጥፍር፣
ፎጣው እንደ መላጣ የሳሳ ከዳር፤
ቁርሱ አንድ እንቁላል፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣
በግማሽ ብርጭቆ የፓፓያ ጭማቂ ታጅቦ።

እኔ የመነጽር መስታወት ሻጭ ነኝ፣
ከሁዋንካዮ ተራራ በየሁለት ወሩ አውቶቡስ የሚያወርደኝ።
ሻንጣዬ ሙሉ ዓይን ነው፤ እኔ ግን ማታ ማታ
ከአንድ ግድግዳ ጋር የምፋጠጥ በዝምታ።
አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቁልፍ፣ አንድ ቁጥር፤
አራት መቶ ሰባት፣ ከሊፍቱ ጎን በር።

አልጋው በግራ በኩል ሲጫኑት ያቃስታል፣
ቁም ሣጥኑ ሌሊት ራሱን ይከፍታል፣
የመታጠቢያው ቧንቧ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው፤
ወደ ቀኝ ቢያጠብቁት ይብስ ነው የሚያለቅሰው።
ከፍ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ እንደ ማባበል፣ ቀስ፤
ያኮረፈ ሰው ነውና በግድ አይመለስ።
ይህን ማንም አልነገረኝ፤ በሌሊቶች ብዛት
ተላምደን ነው እንጂ፣ እኔና አራት መቶ ሰባት።

ትናንት ግን ኤርሜሊንዳ፣ እንግዳ ተቀባይዋ፣
ደረሰኝ እየቀደደች፣ እስክሪብቶ ሰክታ ከጆሮዋ፣
«ሰው ገብቶበታል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል ገና፣
«አራት መቶ ስምንት ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነውና።»
ያው ነው? ለካ በሌሊት ሒሳብ የተከራዩትን
ርስት ነው ይላል ልብ፣ ሳያይ ደረሰኙን።

ወጣሁ። ሰማዩ የአህያ ሆድ፣ ሊማዎች እንዲህ ይሉታል፤
አይዘንብ፣ አይገለጥ፣ እንዲሁ ላይ ተኝቷል።
ዶላር መንዛሪዎች በአረንጓዴ ሰደርያ
ካልኩሌተር ያወዛውዛሉ ከመንገዱ መጋጠሚያ።
«ለሳል፣ ለኩላሊት!» ሲል ባለ ተልባና ገብስ ፍሉ፣
«ክፍል ለተቀማስ?» አልኩት፤ ሳቀና ቀዳልኝ ሙሉ።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ በአዲሱ አልጋ ተኝቼ፣
ጆሮዬን ከግድግዳው ሳልፈልግ አስጠግቼ፣
ሰማሁ እግር ሲመላለስ፣ ከመስኮት እስከ በር፤
ሰባት እርምጃ፤ አውቃለሁ፤ የእኔም ሰባት ነበር።
ሰማሁ ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ሊናገር እንደሚሻ፣
ከዚያ ምንም፤ የሚሰማው ሲታጣ በመጨረሻ።

ለካስ እንዲህ ነኝ እኔ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
በዚህ አልጋ ላይ ያደሩ፣ ስማቸውን የማላውቅ ሁሉ፣
እርምጃዬን ቆጥረዋል፣ ሳሌን ሰምተው አድረዋል፤
አንዱስ እንኳ፣ ማን ያውቃል፣ «ምስኪን» ብሎኝ ይሆናል።

ከዚያ ውሃው ጀመረ።
ጠብ። ጠብ።
ሰውዬው ተነሣ፤ ወደ ቀኝ ሲታገል፣ ሲጎትት፣ ሲያስብ፣
ቧንቧው ይብስ አለቀሰ፤ ሰውዬውም ተራገመ፤
ኋላ፣ ከውሃው ሌላ፣ አንድ ድምፅ ተደገመ።
ልቅሶ ነው አልልም፤ ግድግዳ ነበር መሀላችን፤
ደግሞስ የሁላችንም በሌሊት ያፈሳል ቧንቧችን።

አነሣሁ ስልኩን። አራት። ዜሮ። ሰባት።
በአሥራ አንድ ዓመት ደውዬ አላውቅም ወደ ራሴ ቤት።
«ሃሎ?» አለ አንድ ሽማግሌ፤ አነጋገሩ የሰሜን ሰው።
«ቧንቧውን ከፍ፣ ወደ ግራ፤ በቀስታ ነው የሚታዘዘው።»
ማን ነህ አላለኝም፤ አልጠየቀም ከየት፤
«ቆይ» አለ ብቻ፣ ስልኩን አኖረው ከአልጋው ፊት።
ሰባት እርምጃ። ብረት ሲላወስ። ጠብ።
ከዚያ ምንም።
ከተማው በሙሉ አፉን የዘጋ መሰለኝ።

ተመለሰ። «ቆመ» አለ። «ቆመ» አልኩ።
ስልኩን እንደያዝን ሁለታችንም ቆየን፤
የምንለው አልነበረም፤ መዝጋቱ ግን አልሆነልን።
«አልጋውስ?» አለኝ ኋላ፣ እንደ ማፈር ብሎ፤
«በቀኝ በኩል ይተኙ» አልኩት፤ አመስግኖ ዘጋ ቶሎ።

ጠዋት ኤርሜሊንዳ «ሲመለሱ ያ ክፍል የእርስዎ ነው» አለች።
«ያው ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

ቁርስ ቤት ወረድኩ። አምስት ሽማግሌዎች፣ አምስት እንቁላል፤
የትኛው እንደሆነ ፊት ብቻ ምን ያስታውቃል?
የፓፓያው ማሽን ጠብ ጠብ ይላል ከጠረጴዛው ዳር፤
አንዱ ብድግ አለ፣ ሹራብ ለባሽ፣ ነጭ ጸጉር።
ከፍ አደረገው፤ ወደ ግራ፤ እንደ ማባበል፣ ቀስ።
እምቢ አለ። ሌላ ጠባይ ነው፤ ጨርቁ ላይ ቀጠለ መፍሰስ።
ዞር ብሎ ሁላችንን ቃኘ፣ እርዳታ እንደሚሻ ሰው።
እኔ አንገቴን ደፍቼ እንቁላሌን ላጥኩ፤ ትኩስ ነው።