ያልጠየቅኋት

ፒተርሄድ ነው ሱቄ፣ ዓሣ ዓሣ ከሚሸተው ወደብ ዳር፤
ዓርብ ሲመሽ ጎረምሳው ይሰለፋል ከደጄ በር፤
አንዱ ያጎቱን ኮት ደርቦ፣ አንዱ ድምፁን አወፍሮ፣
አንዱ ያልበቀለ ጢሙን በእህቱ ኩል አጥቁሮ።
“መታወቂያ!” ስላቸው ኪስ መዳበስ፣ መደናበር፤
“ቤት ረሳሁት!” ቤቱ ያው፣ ከመንገዱ ባሻገር።

ሕጉ ከመሳቢያው በላይ በቀይ ተጽፎ ተለጥፏል፤
“ሃያ አምስት ያልሞላው የመሰለህን ጠይቅ” ይላል።
እኔም እጠይቃለሁ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ቆሜ፣
እንደ በቅሎ ጥርስ ከሰው ፊት ሳነብ ዕድሜ።

ሞርቨን የመጣች ለት ዝናብ ነበር፤
ከዓሣ ፋብሪካው፣ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር።
ለአባቷ የሳል ሽሮፕ፣ ለወንድሟ ወተት፤
ከሁሉ ኋላ አንድ ወይን፣ አስቀመጠችው በስስት።
እጇ በበረዶ ተሰነጣጥቋል፤
ዓይኗ ሥር ሌሊት ሰፍሯል።
ደመርኩ። መልሷን ቆጠርኩ።
“ቀጣይ!” አልኩ።

አልሄደችም። ከኋላዋ ሰልፉ ተቁነጠነጠ፤
ከደረት ኪሷ ካርድ አወጣች፣ ጥጉ እንኳ ያልተላጠ፤
በሁለት እጇ አቀረበችልኝ፤
“ሚስተር ዱጋል፣ እባክዎን ይጠይቁኝ።”

ቀኑን አነበብኩ። ዓመቱን ቀነስኩ፤
አላምን ብዬ እንደገና በጣቴ ቆጠርኩ።
ዐሥራ ስምንት። ገና ዛሬ።
እኔ ግን በዓይኔ ብቻ ዐሥር ዓመት ጨምሬ...

ግንባሬን ቋጥሬ፣ እንደ ዓርብ ማታ ወጉ፣
“ስንት ዓመትሽ ነው አንቺ? ይከበር እንጂ ሕጉ!”

ሳቀች።
በዚያ ሳቋ ገብታ ቢሆን ከደጄ፣
ያን ጠርሙስ አታገኘውም ነበር ከእጄ።