ሰልፍ

ሙሰፋ ነሐሴን ቆርቆሮ ሥር ይውላል፤
ጥላው ራሱ ያልበዋል።
እኛ ኮምቦልቻ ሞተሪኖ ያልነውን እነ ቢጁ ሰልፍ ይሉታል።
«ሰልፉ ደክሟል» ባሉኝ ቁጥር፣ በመጣሁበት ሰሞን፣
የስኳር ወረፋ ይታየኝ ነበር፣ አንድ ቀበሌ የሚሆን።

ዛሬም አንዱ መጣ፣ «ሰልፍ ነው» እያለ፤
አሸዋ የመሰለ ፓትሮል፣ ኮፋኖው ሥር ቱርቦ ያዘለ፣
ማርሚታው ክንድ ያስገባል፣ ጎማው ከወገቤ የተስተካከለ።
ልጁ ኸልፋን ይባላል። ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው።
ኮፍያውን ገልብጦ ደፍቷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ነው።
«ከተነሣማ ነፋስ ነው» አለኝ፤ «መነሣቱ ላይ ነው ጣጣው።
ባትሪ ቀየርኩ። ሰልፍ ቀየርኩ። ስድስቱንም ካንዴላ አዲስ አመጣሁ።
ሦስተኛው ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ፣ ‹ምንም ጥፋት የለም› አለ።
ምንም ነው ታዲያ በየማለዳው እንዲህ የሚያስለምነኝ የዋለ?»

ቁልፉን ተቀብዬ አዞርኩ።
ሞተሪኖው ጎበዝ ነው፤ እንደ ወፍጮ ይፈጫል፤
ቋቱ ግን ባዶ ነው፤ እህሉ ዘግይቶ ይመጣል።
ሰባት ቆጠርኩ። ስምንት ላይ፣ ጓ! ብሎ ተነሣ፤
ድመቷ ከበርሜል ዘለለች፣ ቢጁ የያዘውን ሻይ ረሳ።
አጠፋሁ። ወዲያው ደገምኩ። ሳይለመን ያዘ በአንዴ።
እንግዲህ ሰልፉ አይደለም፣ አለኝ ሆዴ።

ጋሽ ዘርጋው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያስተማረኝ በዱላ ነው፤
በመምታት አይደለም፦ አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ጆሮዬ ላይ ነው።
«ያልጠየቅኸውን ብረት እንዳትፈታ» ይለኝ ነበር።
ጠየቅሁ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ኸልፋን መሬት መሬት እያየ፦
«ቱርቦውንም ትልቁንም ፖምፓ እኔ ነኝ ያስገባሁት።
አባቴ እርሻ ይሄድበት ነበር፤ ለግመሎቹ መኖ ያመላልስበት።
ለእሱ አንድም ቀን አልዘገየ፤ እንደነካው ይነሣል።
ከሞተ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። እሱን የሚጠብቅ ይመስላል።»

የቤንዚኑ ቱቦ ላይ መለኪያ አሰርኩ፦ አራት ባር። አጠፋሁ።
መርፌው ወረደ፤ ቢጁ ሻዩን አማስሎ ሳይጨርስ ዜሮን ነካ።
ያ ጉልበተኛ ፖምፓ፣ ያ በስንት ሺህ ድርሃም የተገዛ፣
መመለሻውን የምትዘጋ ምስር የምታህል ቫልቮላ የለችውም ለካ!
ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ቤንዚኑ ወደ ሰልባትዮው ይሸሻል፤
ቱቦው ባዶውን ያድራል፤ ጠዋት ከዜሮ ይጀምራል።

«ቁልፉን ግማሽ አዙርና ቆይ» አልኩት።
ከኋላ ወንበር ሥር ፖምፓው እዝዝዝ አለ።
ሁለት ሰከንድ። ጸጥ።
«አሁን።»
ጓ።

«አባትህ ሊያስነሣ ሲል ምን ያደርግ ነበር?»
«ምንም። ቁልፉን ግማሽ ያዞራል። ቢስሚላህ ይላል፤ ሙሉውን ነው፣ አሳጥሮ አያውቅም።
ጉትራውን በመስታወቱ እያየ ያስተካክላል። ከዚያ...»
ከዚያ ያለው ከከንፈሩ አልወጣም።

እኔም ዝም። በረከት ነው እንዳልል፣ መለኪያው እጄ ላይ አለ፤
አይደለም እንዳልል፣ መኪናው ለቢስሚላህ ተነሣ እንጂ ለሌላ መች እሺ አለ?
«ቫልቮላዋ አሥራ አምስት ድርሃም ናት፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ» ስለው
መሪውን በመዳፉ አበሰ።
«ተወው» አለኝ። «እንዳለ ተወው።»

ቢጁ ደረሰኙን ዘርግቶ፣ «የተቀየረ ዕቃ የለም፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።
«ሰልፍ» አልኩት።
እሱ በእሱ ቋንቋ ጻፈው፤ እኔ በእኔ አነበብኩት።

ፓትሮሉ በሩ ጋ ሲደርስ ጠፋ፤
አጠፋው ይሆናል፣ ማን ያውቃል።
እዝዝዝ።
በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ረጅም፣ ሳያሳጥር፤
ቀኝ እጁ ወደ ራሱ ወጥቶ ኮፍያውን ሲያቀና።
ጓ።