መልስ

ደብረ ሲና ላይ ጉም ሳያንኳኳ ይገባል፣
የተሰበረውን መስኮት ከዘበኛው ይልቅ ያውቀዋል፣
የፊቱን ረድፍ አልፎ ከኋላው ወንበር ይቀመጣል።
ጠመኔው ይርሳል። «መብትና ግዴታ» ብዬ ስጽፍ
«መብት» ትታያለች፤ «ግዴታ» ትሟሟለች ከሰሌዳው ጫፍ።

ሥነ ዜጋ ነው የማስተምር፤ ስልሳ አንድ ልጅ በአንድ ክፍል፣
አንዱን መጽሐፍ ሦስት ሆኖ የሚካፈል።
ሃይማኖት በክፍል አይሰበክም፤ መመሪያውን አውቃለሁ፣
ግን በሁዳዴ ሰኞ ስንቱ በባዶ ሆዱ እንደሚያዛጋ አያለሁ፣
በረመዳን ቀትር የጦይባን የደረቀ ከንፈር አያለሁ፣
የውኃ ኮዳዬን ከጠረጴዛው ሥር እሸሽጋለሁ።
ይሄ ስብከት ነው? ትምህርት ነው? በየትኛው ምዕራፍ ላግባው?
እቅዱ ላይ «ዓላማ» የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶውን ተውኩት፣ ምን ልበለው።

ምዕራፍ ስድስት፣ «የራስ ደኅንነት»።
«ዓይን ጨፍኑ፣ አየር ሳቡ፣ እስከ አራት ቁጠሩ» ይላል።
ሳብነው። ጉሙ ሳንባችን ገባ። አንዱ ያስላል፣
እንግዳወርቅን ሦስት ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥለዋል፤
ጎህ ሳይቀድ ከዋሻው ለሚወጣ ጭነት መኪና ቆሎ ይሸጣል፣
«አራት» ሲባል በእንቅልፉ እጁ ኪሱን ይዳብሳል፣
መልስ ሊሰጥ።

ፈተና ሰጠሁ። ቁጥር ሦስት፦ «ዜጋ ማለት ምን ማለት ነው?»
የመልስ ቁልፉ አጭር ነው፣ «በሕግ የታወቀ የሀገር አባል» ነው።
ስልሳው ይህንኑ ጻፈ፤ ገሚሱ አጥንቶ፣ ገሚሱ ከጎኑ አይቶ ነው።
አንዱ ግን በእርሳስ፣ ሁለቴ ሰርዞ፦
«ቲቸር፣ በጉም ሰው ሲመጣ ፊቱ አይታይም።
‹ማነው?› ትላለህ። ‹እኔ ነኝ› ይላል። የማን ‹እኔ› እንደሆነ አይልም።
ግን መንገድ ትለቃለህ። እሱም ይለቃል። ገደል ነው በሁለቱም።
ዜጋ እሱ ይመስለኛል። ሌላውን አላጠናሁም።»

ቀይ እስክርቢቶ አነሳሁ። ዜሮ።
ቁልፍ ቁልፍ ነው አልኩ፤ ወረቀቱን ከስልሳው ሥር ቀበርኩት።

ማታ ወደ ቤት ስወርድ መንገዱ የለም፤ እግሬ ነው የሚያስታውሰው።
ጉልላቱም ሚናሬውም የሉም፤ ጉሙ አንድ ጋቢ ነው ያለበሰው።
አዛን ተሰማ፣ ደወል ተከተለ፤ ወይ ደወሉ ነው የቀደመው።
«ይኸው መቻቻል!» ብዬ ለነገ ትምህርት ልይዘው ዳዳኝ፣
ወዲያው ከታች ከቆላው ያየነው ጢስ ትዝ አለኝ፣
አፈርኩ። ድምፅ ቢቻቻል ምን ይገርማል?
ድምፅ አያርስ፣ ከብት አይነዳ፣ ወሰን መች ይገፋል?

ጠጠር ተንከባለለ።
«ማነው?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነብኝ።
«እኔ ነኝ።»
ከግንቡ ተለጠፍኩ። እሱም፣ ወይም እሷ፣ ወደ ገደሉ ጠጋ አለ።
ነጠላ ይሁን ሻርፕ፣ የሆነ ጨርቅ እጄን ነክቶኝ አለፈ።
«ደኅና ይደሩ።»
«አሜን» አልኩ፣ ወይ «አሚን»፤ ከንፈሬ ደንዝዞ
አልለየሁትም።

መብራት የለም። በሻማ ከስልሳው ሥር አወጣሁት።
ዜሮ ክብ ነው፣ በር የለው፤ ማረም አቃተኝ፣ ጠፈጠፍኩት፣
ከጎኑ ሁለት ጻፍኩ። ሙሉውን ነጥብ ሰጠሁት።

በማግስቱ ወረቀት መለስኩ። እንግዳወርቅ ነቅቶ
ወረቀቱን አገላብጦ፣ ጣቱን አጥፎ ዘርግቶ፣
ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ቲቸር፣ ትርፍ መልስ ሰጥተኸኛል።»
እንደዚያ ነው ሾፌሮቹንም የሚላቸው፤
በቦቴው መስኮት ተንጠልጥሎ ሰምቼዋለሁ ሲመልስላቸው።

«ያዘው፣ ልክ ነው» አልኩት።
አልያዘውም። ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ የገብስ ዱቄት የጣት አሻራ አለበት።
ጦይባ ሳቀች። ከኋላ አንዱ አሳለ።
ምዕራፍ ሰባት አልኩ፣ ደረቅ ጠመኔ ፈለግሁ።
ጉሙ ገባ።